የጥርስን ገጽ ለቦንድ ማዘጋጀት፦ ከመጀመሪያው ጽዳት እስከ ላይት ኪዩር

«ዶክተር፣ ባለፈው የሞሉልኝ ወለቀ» ብሎ የመጣ ታካሚ ያልገጠመው የጥርስ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ያኔ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቦንዱን፣ ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር የሚያያይዘውን ፈሳሽ ማጣበቂያ፣ ነው። «ይሄ ርካሹ ነው፣ ያኛውን ማስመጣት ነበረብን» እንላለን። እርግጥ ነው ቦንድ ከቦንድ ይለያል። ጥርሱን አድርቆ ጠርዙን በደንብ ያየ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ ሳይጸዳ የቀረ ፕላክ (የባክቴሪያ ሽፋን)፣ በድድ በኩል ደም የገባበት መስመር፣ ቡርም (የመቁረጫው ጫፍ) አሲድም ሳይነካው የታለፈ የሚያብረቀርቅ ገጽ። የሙሌት ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው የቦንዱ ክዳን ከመከፈቱ በፊት ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለዚያ ሰዓት ብቻ ነው፤ ኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ያለው የሬዚን ሙሌት) አሞላልና ማለስለስ ውስጥ አልገባም።

የጻፍኩት በሥራው አዲስ ለሆኑ ባልደረቦችና ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነው። የምትጠቀሙት ምርት የራሱ መመሪያ አለው። እኔ የምሰጣቸው ሰከንዶች ከዚያ ጋር ከተጋጩ የአምራቹን ተከተሉ።

በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ገጽ

ኢናሜል፣ የጥርሱ ጠንካራ ላይኛ ሽፋን፣ በክብደቱ 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ማዕድኑ 70 ከመቶ ገደማ ነው፤ 20 ከመቶ ያህሉ በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን የቀረው ውኃ ነው። በዚያ ላይ ከፐልፕ፣ በጥርሱ መሐል ካለው ነርቭና ደም ሥር፣ የሚመጡ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት። ቱቦዎቹ ከኢናሜል ጋር በሚዋሰንበት አካባቢ በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 20 ሺህ ያህል ናቸው፤ ፐልፑ አጠገብ ግን ወደ 45 ሺህ ይጠጋሉ፣ እየሰፉም ይሄዳሉ። በሌላ አነጋገር ወደ ውስጥ በቆፈርን ቁጥር ገጹ እየረጠበ፣ ቦንድም የሚይዘው ጠንካራ ነገር እያነሰ ይሄዳል።

ታሪኩም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሄደው። ማይክል ቦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 ኢናሜልን በ85 ከመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ አክሞ አክሪሊክ ሬዚን (ሲጠነክር ፕላስቲክ የሚሆን ነገር) እንዲጣበቅበት አደረገ። ሐሳቡን የወሰደው ቀለም እንዲይዝ ብረት በአሲድ ከሚታከምበት የፋብሪካ ሥራ ነበር። ዴንቲን ግን ብዙ አስቸገረ። ናካባያሺና ባልደረቦቹ ሬዚን ወደ ኮላጅኑ መረብ ሰርጎ ገብቶ የሚፈጥረውን ድብልቅ ንብርብር፣ ዛሬ ሃይብሪድ ሌየር የምንለውን፣ ያሳዩት በ1982 ነው።

ከዚህ የምትይዙት አንድ ነገር ነው፦ ኢናሜል መድረቅ ይወዳል፣ ዴንቲን መድረቅ ይጠላል። ከታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ወንበር ላይ የማስታረቅ ጣጣ ነው።

ታካሚው ሳይቀመጥ

ከአየሩ ጀምሩ። ስሪ ዌይ ሲሪንጁን (አየርና ውኃ የሚነፋውን) ውኃውን ሳትነኩ፣ አየር ብቻ፣ በንጹሕና ደረቅ የአፍ መስታወት ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል ንፉ። መስታወቱን ወደ መብራቱ አዘንብላችሁ እዩት። ጠብታ ካለ ኮምፕረሰሩ ውኃ ይዟል። በጣት ሲነካ የሚንሸራተት ጭጋግ ካለ ዘይት እየመጣ ነው። በዚህ አየር «ያደረቃችሁት» ኢናሜል ደረቅ ይመስላል እንጂ ቦንድ የማይዝ ፊልም ተቀብቷል። የኮምፕረሰሩን ታንክ ጠዋት ጠዋት ማፍሰስ ምንም ወጪ የለውም። የሚገርመው ብዙ ክሊኒክ ውስጥ የማንም ኃላፊነት አይደለም፤ ሐኪሙ ነርሷ ታፈሰዋለች ይላል፣ ነርሷ ጥበቃው ያፈሰዋል ትላለች።

ሃንድፒሱን (ቡሩን የሚያዞረውን መሣሪያ) ዘይት ከቀባችሁት በኋላም እንዲሁ ነው። አፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውጪ አስሩጡት፣ ትርፉ ይውጣ።

ከዚያ ላይት ኪዩሩ፣ ቦንድና ኮምፖዚትን በብርሃን የሚያጠነክረው መሣሪያ። ጫፉ ላይ የደረቀ ኮምፖዚት ካለ ጥረጉ። ራዲዮሜትር (የብርሃን መለኪያ) ካላችሁ ለኩ፤ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 1000 ሚሊ ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ደስ ይላል። መብራት ሲቆራረጥ በሚውልበት አካባቢ የባትሪውን ቻርጅ ሳያዩ ሥራ መጀመር አይገባም፤ ቦንድ ተቀብቶ ላይቱ ቢጠፋ እስካሁን የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ቦንዱ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ አስቀድማችሁ አውጡት፤ ቀዝቃዛ ቦንድ ይወፍራል፣ አሟሟቂው ፈሳሽም በደንብ አይተንም። በሌላ በኩል ደግሞ አስቀድሞ ጠብ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው። በውስጡ ያለው አሴቶን ወይም አልኮል ጉድጓዱ እስኪዘጋጅ ድረስ ተንኖ ያልቃል። ጠብ የሚደረገው ማይክሮብራሹ (ትንሿ መቀቢያ) እጅ ላይ ሲሆን ነው፤ ክዳኑም ወዲያው ይዘጋል።

አንድ፦ ጥያቄና ቀለም

ማደንዘዣ ከመውጋታችሁ በፊት የምትጠይቋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ጥርሳቸውን በቅርቡ በኬሚካል አስነጥተው ከሆነ ገጹ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ሬዚኑ እንዳይጠነክር ያደርጋል፤ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ጊዜያዊ ሙሌት ካለ ኢውጂኖል ያለው መሆን አለመሆኑን አጣሩ፤ የቅርንፉድ ሽታ ካለው ነው። ኢውጂኖልም እንደ ኦክስጅኑ የሬዚን ጠላት ነው፤ ስለዚህ በኤክስካቬተር (የእጅ መፋቂያ) ብቻ ጠርጎ ማለፍ አይበቃም፤ ከሥሩ ያለውን ዴንቲን በቡር በስሱ አድሱት።

ሥሩ የታከመ ጥርስ ከሆነ ደግሞ የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ታሪክ አለበት። ቦይ ለማጠብ የተጠቀምንበት ይህ ፈሳሽ ኮላጅኑን ያበላሻል፣ ኦክስጅንም ይተዋል። አሥር ከመቶ ሶዲየም አስኮርቤት ለጥቂት ደቂቃዎች ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል። ከሌላችሁ የፐልፕ ክፍሉን ግድግዳ በቡር አድሱ፤ የሲለር (የሥር ቦይ መሙያ ሲሚንቶ) ቅሪቱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ።

የልጅነት ቦታም ይጠየቃል። «እስከ ስምንት ዓመትዎ ድረስ የት ነው ያደጉት?» የምትለዋ ጥያቄ ለምን እንደምትጠቅም አሲዱ ጋ ስንደርስ እመለስባታለሁ።

የኮምፖዚቱን ቀለም የምትመርጡት አሁን ነው፤ ጥርሱ በምራቅ እንደረጠበ። ከምራቅ ከተነጠለ በኋላ ውኃ እያጣ ይነጣል። በነጣው ጥርስ የተመረጠ ቀለም በነጋታው ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም።

ሁለት፦ ጽዳት

በጥርስ ላይ ሁልጊዜ ስስ የፕሮቲን ሽፋን አለ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ፕላክ። በዚያ ላይ የቡና፣ የጫት ወይም የሲጋራ ቀለም ሊጨመርበት ይችላል። አሲድ ስሱን ሽፋን ያነሳል፤ ፕላክንና ድንጋይን ግን አያነሳም። ስለዚህ ድንጋዩ በስኬለር፣ የቀረው በፐሚስና በውኃ በዝግታ በሚዞር ብሩሽ ይጸዳል።

ፐሚስ ያልኩት በምክንያት ነው። በቱቦ የሚሸጡት የማለስለሻ ፓስታዎች ብዙዎቹ ፍሎራይድና ግሊሰሪን አላቸው፤ ግሊሰሪኑ ገጹን ይቀባዋል። ፐሚስ ዱቄት ርካሽ ነው፣ በንጹሕ ውኃ ይለወሳል፣ አለቀ።

ሥራው ከድድ አጠገብ ከሆነና ድዱ ብሩሽ ሲነካው የሚደማ ከሆነ ዛሬ አትሙሉ። ድንጋዩን አንሱ፣ አቦራረሹን አሳዩ፣ ከሳምንት በኋላ ቅጠሩ። ታካሚው ከክፍለ ሀገር መጥቶ ከሆነ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲያ ሲሆን በጊዜያዊነት ግላስ አዮኖመር (ያለ ቦንድ ራሱ ከጥርስ ጋር የሚያያዝ ሙሌት) ማድረግ ደም እየጠረጉ ኮምፖዚት ከመሙላት ይሻላል።

ሦስት፦ መነጠል

ራበር ዳም፣ ጥርሱን ከቀረው አፍ የሚለይ የጎማ ሉህ፣ ያለው ይጠቀም። ጥቅሙ ምራቁን መከልከል ብቻ አይደለም፤ ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ ራሱ እርጥበት የሞላው ነው፣ ኢናሜሉንም ያረጥበዋል። «ታካሚዎቼ አይወዱትም» የሚለው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የታካሚ ሳይሆን የሐኪም ነው። ምን እንደሆነ ሳይነገረው ድንገት ጎማ የተወጠረበት ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ውኃና መድኃኒት ወደ ጉሮሮዎ እንዳይገባ ነው፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ ከከበድዎት እጅዎን ያንሱ» ብትሉ ብዙው ሰው ይቀበላል።

ከሌለ ደግሞ የጥጥ ሮል በላይና በታች፣ ጉንጭ በኩል የምራቅ መምጠጫ ወረቀት፣ የማይቋረጥ ሰክሽን፣ ሁለተኛ ሰው። ያለ ረዳት ብቻውን የታችኛውን ሁለተኛ መንጋጋ በኮምፖዚት የሚሞላ ሰው ቦንዱን ባይወቅስ ይሻላል።

ለድድ ደም አሉሚኒየም ክሎራይድ ወይም ፌሪክ ሰልፌት ብትጠቀሙ ቅሪታቸው ራሱ ብክለት ነው። በብዙ ውኃ አጥባችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የፎስፎሪክ አሲድ እጥበት ያን ቦታ እንዲነካ አድርጉ።

አራት፦ ቁረጡ፣ ግን በልክ

የተበላውን ስታነሱ ከጠርዙ ጀምሩ። በጉድጓዱ ዙሪያ ከኢናሜሉ አንስቶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያለው ቀለበት ጠንካራና ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቦንዱን የሚይዘው፣ ባክቴሪያውንም የሚዘጋው ይህ ነው። መሐል ላይ፣ ከፐልፕ በላይ፣ ትንሽ ለስላሳ ወይም ቆዳ መሰል ዴንቲን ቢቀር ምሕረት አለው። ጠርዝ ላይ ግን የለውም። በጥልቁ ጉድጓድ ሁሉንም ካላነሣሁ ብሎ ፐልፕ ከመክፈት ይህ አካሄድ በጣም ይሻላል።

የተበላውን ዴንቲን የመለያ ቀለም የምትጠቀሙ ሰዎች ተጠንቀቁ። ቀለሙ የሚይዘው የተበላውን ብቻ አይደለም፤ ከፐልፕ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ዴንቲንም ይቀባል። ቀለሙን እያሳደዱ ጤነኛ ጥርስ የሚቆፍሩ አሉ።

ከሥሩ ዴንቲን የሌለው ቀጭን ኢናሜል ይሰበራል፣ አንሱት። የፊት ጥርስ ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን አዘንብሎ የተቆረጠ ጠርዝ አድርጉ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ የኢናሜል ዘንጎች ጫፋቸው ሲቆረጥ አሲድን ከጎናቸው በተሻለ ይቀበላሉ። የመንጋጋ ማኘኪያ ገጽ ላይ ግን አያስፈልግም፤ እዚያ የሚፈጠረው ቀጭን የኮምፖዚት ጠርዝ ቶሎ ይሰበራል።

አንገቱ ላይ የተሸረሸረ ጥርስ ለብቻው የሚታይ ነው። በጠንካራ ብሩሽ ወይም በመፋቂያ ወደ ጎን ሲፋቅ የኖረ ጥርስ አንገቱ ላይ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መርማሪ ብረት ሲነካው የሚንሸራተት ዴንቲን ይኖረዋል። ተጎድቶ ራሱን የተከላከለ ዴንቲን ነው፤ ቱቦዎቹ በማዕድን ተዘግተዋል፣ ላዩም ጠንክሯል። «ጉድጓዱ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው» ብሎ ቀጥታ ቦንድ መቀባት የዚህ ሙሌት ዋና መውደቂያ ምክንያት ነው። በቀስታ በሚዞር ክብ ቡር ወይም በ50 ማይክሮን አሉሚና ርጭት ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ገጹን ብቻ ፋቁት። ጥልቀት አትፈልጉም፤ የምትፈልጉት ሻካራነት ነው።

ጥልቅ ሲሆን

ፐልፑ ሊታይ በቀረበበት ቦታ ላይ ብቻ፣ የመርፌ ራስ የምታህል ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ላዩ ላይ ሬዚን ያለው ግላስ አዮኖመር። ወለሉን በሙሉ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ማንጠፍ የድሮ ልማድ ነው፤ አይጣበቅም፣ ጊዜ ሲያልፍም ይሟሟል፣ ለቦንድ የነበረውን ቦታም ይወስዳል። መካከለኛ ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ደግሞ ምንም አታንጥፉ።

አምስት፦ አሲድ

ዛሬ አብዛኛው ክሊኒክ ያለው ዩኒቨርሳል የሚባለው ቦንድ ወይም ሰልፍ ኤች ነው፤ ሰልፍ ኤች ማለት የተለየ አሲድ ሳይፈልግ ገጹን ራሱ የሚያዘጋጅ ማለት ነው። ብዙዎቹ 10-ኤምዲፒ የሚባል ሞኖመር (ሬዚን የሚሠራበት ሞለኪውል) አላቸው፤ በዴንቲን ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይያያዛል። ይህ ለዴንቲን ጥሩ ነው። ለኢናሜል ግን የእነዚህ ቦንዶች አሲድነት ብቻውን ከፎስፎሪክ አሲድ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ፎስፎሪክ አሲድ ኢናሜሉ ላይ ብቻ፣ ዴንቲኑን ለቦንዱ ተዉለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወፍራሙን 37 ከመቶ ጄል ከጠርዙ ውጪ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አልፋችሁ ኢናሜሉ ላይ በቀጭን መርፌ አስምሩ። የተቆረጠ ኢናሜል ከሆነ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ። ያልተቆረጠ ከሆነ አስቀድማችሁ በጥቂቱ ሻከር አድርጉት፣ 30 ሰከንዱንም ሙሉ ስጡት። የሕፃናት ጥርስ ላይኛው ኢናሜል ዘንግ አልባ ስለሆነ እሱም መሻከር ይወዳል። ጎረቤቱን ጥርስ በማትሪክስ (ስስ የብረት ቅጠል) ቁራጭ ወይም በቴፍሎን ቴፕ ሸፍኑ።

ጄሉ ወደ ዴንቲን ቢንሸራተት ትደነግጡ ዘንድ አይገባም፤ ግን ሰዓት ቁጠሩ። ዴንቲን ላይ ከ15 ሰከንድ በላይ አይቆይ። ከዚያ በላይ ከቆየ ማዕድኑ የሚለቀው ሬዚኑ ሰርጎ ከሚደርስበት በላይ በጥልቀት ይሆናል፤ ከሥር ባዶ የኮላጅን ቀጠና ይቀራል። ቀዝቃዛ ሲጠጡ የሚወጋቸውና በኋላ የሚያፈስሰው ሙሌት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ በአሲድ በሚሠራው የድሮው ዓይነት ቦንድ የምትሠሩ ከሆነ ኢናሜሉን ጀምራችሁ ከ15 ሰከንድ በኋላ ዴንቲኑን ጨምሩ፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ እጠቡ።

እጥበቱ ቢያንስ 15 ሰከንድ ይሁን፤ ውኃና አየር ተቀላቅሎ፣ ሰክሽኑ አጠገቡ። የጄሉ ቀለም ስለጠፋ ብቻ አልታጠበም፤ ከአሲዱ የቀሩት ጨዎችና ጄሉን ያወፈረው ሲሊካ በዓይን አይታዩም።

ከዚያ ኢናሜሉን አድርቃችሁ እዩ። በትክክል የተሠራ ከሆነ ብርሃኑ ጠፍቶ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ያልነጣ፣ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ወይ አሲዱ አልነካውም፣ ወይ አሮጌ ሬዚን ወይም ዘይት አለበት፣ አለዚያም ፍሎሮሲስ፣ በልጅነት በበዛ ፍሎራይድ የተጎዳ ኢናሜል፣ ነው።

ከስምጥ ሸለቆ የመጣ ጥርስ

ቀደም ሲል ያቆየኋት ጥያቄ እዚህ ትገባለች። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ቦታ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም እጅግ ይበልጣል። ወንጂን፣ መተሐራን፣ የዝዋይን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ትውልዶችንም ያውቃል። ቋሚ ጥርስ የሚሠራው በልጅነት ስለሆነ ሰውየው ዛሬ አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ሜሪላንድ ቢኖር ለውጥ የለውም፤ የልጅነቱን ውኃ በኢናሜሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ውጭ አገር የተማረ ባልደረባ በመጽሐፉ ሁለት መስመር ብቻ ያየው ነገር እኛ ዘንድ የየዕለት ሥራ ነው።

የፍሎሮሲስ ኢናሜል አስቸጋሪነቱ ከላይና ከሥር ተቃራኒ መሆኑ ነው። ላዩ ከመጠን በላይ ማዕድን የያዘ፣ አሲድ የሚቋቋም ስስ ቅርፊት ነው። ከሥሩ ግን ማዕድን ያጣ፣ ባለ ቀዳዳ፣ ቀለም የሚመጥጥ ንብርብር አለ። 30 ሰከንድ አሲድ ቀብታችሁ አጥባችሁ ስታደርቁት የምታዩት እንደ ካርታ የተከፋፈለ ነገር ነው፦ እዚህ ነጣ ያለ፣ አጠገቡ ምንም እንዳልተነካ የሚያብረቀርቅ። የሚያብረቀርቀው ላይ የተቀባ ቦንድ በጥፍር ሊነሳ ይችላል።

ቀላል ከሆነ፣ ማለትም ነጭ መስመሮችና ደመና ብቻ ካለው፣ የአሲዱን ጊዜ ወደ 60 ሰከንድ አሳድጉ፤ ጄሉንም በማይክሮብራሽ አንቀሳቅሱት። ቡናማ ከሆነ ጊዜ መጨመር ብቻውን አያዋጣም። በደቃቅ የአልማዝ ቡር ወይም በአሉሚና ርጭት ላይኛውን ቅርፊት በስሱ አንሱ፤ አንድ አሥረኛ፣ ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ አሲድ፣ እጥበት፣ ማድረቅ፣ ማየት። ያልነጣው ላይ ብቻ እንደገና 30 ሰከንድ። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበትና የሚፈረፍረው ከባዱ ዓይነት ሲሆን ግን ቆም በሉ፤ የሚፈረፍር ነገር ላይ የተጣበቀ ቦንድ ከሚፈረፍረው ጋር ይወድቃል። የላላውን እስከ ጠንካራው ድረስ አንስታችሁ ጠርዙን ደኅና ኢናሜል ላይ አሳርፉ፤ ካልተገኘ ሥራው ወደ ክራውን (ጥርሱን በሙሉ የሚሸፍን ቆብ) እንደሚያመራ ለታካሚው አስቀድማችሁ ንገሩ። ወጣቶቹ በተለይ ለሠርግ ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቸኩለው ነው የሚመጡት፤ «ለቅዳሜ ይደርስልኛል?» ሲሏችሁ ይህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት እሠራለሁ አትበሉ።

ስድስት፦ የዴንቲኑ እርጥበት

ኢናሜሉን ኖራ እስኪመስል አድርቁ ብያለሁ፤ አሲድ የነካው ዴንቲን ግን እንዲህ ከደረቀ የተጋለጠው የኮላጅን መረብ ይተኛል፣ ሬዚኑም የሚገባበት ያጣል። ውኃ ከተኛበት ደግሞ ቦንዱ ይቀጥናል፣ ውኃውም በውስጡ ታስሮ ይቀራል። የሚፈለገው መሐሉ ነው፦ የሚያንጸባርቅ ግን ኩሬ የሌለው ገጽ። ይህን የማገኘው በአየር አይደለም። ትንሽ የጥጥ ኳስ ወይም ደረቅ ማይክሮብራሽ ዴንቲኑ ላይ አሳርፌ ውኃውን አስመጥጣለሁ፤ አየሩን የምልከው ከኢናሜሉ በኩል ነው። ዴንቲኑ ከመጠን በላይ ደርቆ ከሆነ በውኃ የራሰ ማይክሮብራሽ አሳርፋችሁ መልሱት።

ዴንቲኑን ያለ አሲድ ለሰልፍ ኤች ከተዋችሁት ይህ ጭንቀት በጣም ይቀልላል። ምርጫዬን ወደዚያ ያዘነበለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሁለት ከመቶ ክሎርሄክሲዲን ከአሲድ በኋላ ለ30 ሰከንድ ያህል መቀባት የሚመክሩ አሉ። ዴንቲን ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ኮላጅኑን ቀስ በቀስ እንዳይበሉት ይከለክላል፤ ላቦራቶሪ ላይ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ አፍ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ግን ያን ያህል ልዩነት ሁልጊዜ አልታየም። አይጎዳም፤ ግን የመነጠልን ቦታ አይተካም።

ምራቅ ቢነካስ?

ይነካል። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚወስነው መቼ እንደነካ ነው። ከአሲድ በኋላ፣ ከቦንድ በፊት ከሆነ እጠቡ፣ ኢናሜሉን እንደገና አሥር ሰከንድ ያህል አሲድ ቀቡ፣ እጠቡ፣ ቀጥሉ። በአየር ነፍቶ ማድረቅ ብቻ ምራቁን አያጠፋም፤ ፕሮቲኑን ገጹ ላይ ይለጥፈዋል። ቦንዱ ተቀብቶ ላይት ከተደረገበት በኋላ ከሆነ አጥባችሁ አድርቁና ቦንዱን እንደገና ቀብታችሁ ላይት አድርጉ። ደም ከሆነ አትደራደሩ፤ መድማቱን አቁሙ፣ ከአሲድ ጀምሩ።

ሰባት፦ ቦንዱን አሹት

ቦንድ አይለቀለቅም፣ ይታሻል። በማይክሮብራሽ ለ20 ሰከንድ ግድግዳና ወለሉን በደንብ እሹ፤ ሞኖመሩ ወደ ውስጥ የሚገባው በእንቅስቃሴ ነው። ከዚያ አየር፦ መጀመሪያ ከሩቅ በስሱ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ፣ ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድረስ። ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ይወስዳል። እየተወዛወዘ ያለ ቦንድ ላይ ላይት ማብራት አሟሟቂውን ውስጥ መቅበር ነው። ጥግ ላይ የተጠራቀመ ካለ በደረቅ ማይክሮብራሽ አንሱ፤ በኤክስሬይ ጥቁር መስመር ሆኖ ሲታይ ሌላው ሐኪም አዲስ መበላት ነው ብሎ ሊከፍተው ይችላል። ላይቱ ከአሥር እስከ ሃያ ሰከንድ፣ ጫፉ ገጹ አጠገብ። በጥርሱ ጎን እንደ ሳጥን በጥልቀት የተቆረጠ ጉድጓድ ወለል ላይ ጨምሩለት፤ ርቀቱ ብርሃኑን ያደክመዋል።

ግላስ አዮኖመር ከሆነ

ሌላ ዓለም ነው። ፎስፎሪክ አሲድ አትቀቡ፤ ግላስ አዮኖመር የሚጣበቅበትን ካልሲየም ይወስድበታል። ፖሊአክሪሊክ አሲድ ነው የሚያስፈልገው፦ 10 ከመቶው ለ20 ሰከንድ፣ 20 ከመቶው ለ10 ሰከንድ። እጠቡ፣ ውኃውን በጥጥ አስመጥጡ፣ እርጥብነቱ ሳይጠፋ ሙሉ።

ክራውንና ኢንሌይ (ከአፍ ውጪ የተሠራ ሙሌት) በሬዚን ሲጣበቅ

ጥርሱ ተቆርጦ ጊዜያዊ ክራውን ለብሶ የሚመለስ ከሆነ ዴንቲኑን በተቆረጠበት ቀን፣ መለኪያ ከመወሰዱ በፊት፣ በቦንድ ማሸግ ትልቅ ጥቅም አለው። አዲስ የተቆረጠና ያልተበከለ ዴንቲን ከዚያ ቀን የተሻለ አይገኝም፤ ታካሚውም በመሐሉ ባሉት ቀናት ሲጠጣ አይወጋውም። የመጨረሻውን ላይት በግሊሰሪን ጄል ሸፍናችሁ አድርጉ፤ አየር የነካው ላይኛው ሬዚን ሳይጠነክር ይቀርና መለኪያውን ያበላሻል።

ጊዜያዊው ሲሚንቶ ኢውጂኖል የሌለው ይሁን። በማጣበቂያው ቀን ቅሪቱን በስኬለር አንሱና በፐሚስ ወይም በአሉሚና ርጭት አጽዱ፤ ከዚያ ኢናሜሉን አሲድ ቀቡ።

ሴራሚኩም በአፍ ውስጥ ተሞክሮ ምራቅ ከነካው የራሱ ጽዳት አለው። ሊቲየም ዲሲሊኬት በ5 ከመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ20 ሰከንድ ከአፍ ውጪ ይታከምና ሳይሌን (ሴራሚኩን ከሬዚን ጋር የሚያያይዝ ፈሳሽ) ይቀባል፤ ይህ አሲድ አደገኛ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ግድ ነው፣ አፍ ውስጥም አይገባም። ዚርኮኒያ ላይ ይኸው አሲድ ምንም አይሠራም፤ በዝቅተኛ ግፊት በ50 ማይክሮን አሉሚና ይረጫል፣ ኤምዲፒ ያለው ፕራይመር ይቀባል። ምራቅ የነካውን ዚርኮኒያ በፎስፎሪክ አሲድ «ማጽዳት» ግን የተለመደ ስህተት ነው፤ ከአሲዱ የሚቀረው ፎስፌት ኤምዲፒ የሚይዝበትን ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የማጽጃ ፓስታ ካለ እሱ፣ ከሌለ ከሙከራ በኋላ እንደገና ርጭት።